ሁለት ገና

ቤርሳቤ ኃይለኢየሱስን ባለፈው ሳምንት የተለየናት ታይፕራይተሯ ላይ አቀርቅራ፣ ምንም ያልተጻፈበት ወረቀት እያየች ነበር። ዛሬም እዚያው ናት። ነገሩን ለአዲስ መጪ አንባቢ ባጭሩ እናንሳለት እንጂ፣ የፍቅር ወሬ ከመሃሉ ሲሰሙት ሐሜት ይመስላል።

ጊዜው የጋምቤላ ክልል ገና ዳዴ የሚልበት ነው። የየቢሮው ሰሌዳ ተሰቅሏል፣ ወንበሩ ግን አልመጣም። ቤርሳቤ በውሃ ቢሮ ጸሐፊ ናት። ወላጆቿ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥተው አቦቦ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። የምትወደው ሰው ዳኒሎ ይባላል፤ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍር የፊሊፒንስ ሰው ነው። ከተማው ግን “ቻይናው” ይለዋል። መጀመሪያ ሰሞን “ቻይና አይደለሁም” እያለ ይከራከር ነበር፣ ኋላ ግን ደክሞት ተወው።

ሁለቱ የተዋደዱት በማኅተም ምክንያት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ዳኒሎ ለሥራው ማኅተም ያስፈልገዋል፣ ማኅተሙን የሚይዙት ኃላፊ ደግሞ ሁልጊዜ ስብሰባ ናቸው። እሱ በሩ አጠገብ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ እሷ ትተይባለች። አንዳንዴ ቀና ትላለች፣ እሱ ቶሎ ወደ መስኮቱ ይዞራል፤ እሷ ስታቀረቅር ደግሞ እሱ ይመለከታታል። ወራት በዚህ ሁኔታ ካለፉ በኋላ ኃላፊው ቢሮ ውስጥ እያሉ እንኳ ዳኒሎ “የሉም እንዴ?” ብሎ መቀመጥ ጀመረ። በጥቅምት ባሮ ድልድይ ላይ እንደምንም አማርኛውን ሰብስቦ አግቢኝ አላት። እሷም አልሸሸችም፤ ለአባቴ ልንገረውና መልሱን ትሰማለህ አለችው።

መንገሩ ላይ ግን ልቧ ከዳት። ሰፋሪዎቹ አቦቦ በገቡ በመጀመሪያው ክረምት ወባ ትንሽ ወንድሟን ወስዶባታል። አባቷ አቶ ኃይለኢየሱስ ከዚያን ቀን ወዲህ፣ ከእንግዲህ አንድም ልጅ ከዓይኔ ርቆ አይሄድም ማለትን እንደ ጸሎት ይዘውታል። ባሕር ማዶ የሚወስዳትን ሰው ስም በምን አፏ ትጥራላቸው? በየሳምንቱ አቦቦ ትሄዳለች፣ በየሳምንቱ ሳትናገር ትመለሳለች። ዳኒሎም በመጣ ቁጥር ይጠይቃታል።

በኅዳር መጨረሻ ወደ ኢታንግ ለቁፋሮ ከመውጣቱ በፊት በሯ ላይ ቆሞ፣ “መልሱስ?” አላት።

“ገና” አለችው።

“ገና?”

“አዎ፣ ገና።”

የሰውየው ፊት በራ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና እያፏጨ ወጣ። ቤርሳቤ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ምን አስደሰተው ብላ ግራ ተጋባች።

የኛ ቋንቋ አንዳንዴ ተንኮለኛ ነው። ሁለቱን ገናዎች በፊደል አይለያቸውም። “ና”ን ላላ ካደረጓት “ቆይ፣ አልደረሰም” ትላለች፤ ጠበቅ ካደረጓት የጌታ ልደት ትሆናለች። እናቱ ቋንቋውን ያጠባችው ሰው ሳያስበው ይለየዋል። ዳኒሎ ግን አማርኛን የተማረው ሾፌሩም ፓምፕ ጠጋኙም ከሆነው ከሩዋይ ነው። ሩዋይ ደግሞ ኑዌር ነው፤ አማርኛን የለመደው በገበያና በትምህርት ቤት ስለሆነ ለእሱ ሁለቱም ገናዎች አንድ ናቸው፣ ሁለቱንም ላላ አድርጎ ይላቸዋል። ስለዚህ ዳኒሎ የሰማው “መልሱ በገና ነው” የሚል ነበር። በአገሩ ከገና የሚበልጥ ቀን የለም። ለጋብቻ ጥያቄ መልሱን ለዚያ ቀን ያቆየችለት ሴት እንደምትወደው ምን ጥርጥር አለው?

መኪና ውስጥ ለሩዋይ ሲነግረው ሩዋይ መሪውን በደስታ መታው። “ጥሩ ሴት ናት” አለ። “ቀን ታውቃለች።”

ዳኒሎ በዚያው ለራሱ ቃል ገባ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ዳግመኛ አይጠይቃትም። ቀን ቆርጣለት እያለ መነዝነዝ የጨዋ ሰው ሥራ አይደለም። እንዲህ ያለ ደስታ ይዞት አያውቅም ነበር።

*

ከኢታንግ ሲመለስ ታኅሣሥ ገብቷል። በቢሮዋ መስኮት በኩል ሲያልፍ ቤርሳቤ ልቧ ደንግጦ ብድግ አለች። እሱ ፈገግ ብሎ እጁን አወዛወዘላትና መንገዱን ቀጠለ። አልገባም፣ አልጠየቀም። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ማኅተም ሊያስመታ ገባና ሰላም ብሏት ወጣ፤ ስለ አባቷ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ያን ሁሉ ጊዜ “ነገርሽው?” እያለ ሲያስጨንቃት፣ ምነው አንድ ቀን በተወኝ ትል ነበር። አሁን ተዋት። ፈገግታውን ደጋግማ አስታውሳ መረመረችው፤ ምንም ቅሬታ አጣችበት። ወንድ ልጅ ያጣው ነገር ሲቆጨው ይኮሳተራል፣ የተወው ነገር ግን አያናድደውም ብላ ደመደመች። ጥር ላይ ውሉ አልቆ ድርጅቱ ወደ ሞዛምቢክ እንደሚልከውም ቢሮ ውስጥ ሲወራ ሰማች። በአፉ አልነገራትም። ሊነግራት ያሰበው በገና ቀን፣ “አብረን እንሄዳለን” ብሎ ነበር። እሷ ይህን ከየት ታውቃለች? ሄጄ ልጠይቀው እንዳትል ኩራቷ ያዛት፤ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው። ደጋግሞ ጠይቋት ሳትመልስለት የቀረችው ራሷ መሆኗን ስታስብ ደግሞ ራሷን ጠላች።

በዚሁ ሰሞን እሑድ አቦቦ ስትደርስ ግቢው ውስጥ ሽማግሌዎች አገኘች። የመጡት ለእሷ ነው። ጠያቂው ዲማ ወረዳ ወርቅ የሚያስቆፍር የሰፈራቸው ልጅ ነው፤ ክፉ ሰው ቢሆን ይቀላት ነበር፣ ግን ረጋ ያለ፣ ሰው አክባሪ ልጅ ነው። አባቱ ደግሞ ለአቶ ኃይለኢየሱስ ከወንድም ይበልጣሉ። ያን ጊዜ ወባው ሕፃኑን ሲገድል አቶ ኃይለኢየሱስ ራሳቸው ትኩሳት ጥሏቸው ነበር። መቃብሩን የቆፈሩት፣ ልጁንም ታቅፈው ያወረዱት እኚህ ሰው ናቸው።

አባቷ ወደ ጓሮ ወሰዷትና በቀስታ ጠየቋት። በልብሽ ያለ ሰው አለ ወይ አሏት። ካለ አሁን ንገሪኝ፣ ቃሌን ከሰጠሁ በኋላ ቃሌ የኔ አይደለም አሏት። ቤርሳቤ የመስኮቱን ፈገግታ አስታወሰች።

“የለም አባባ” አለች።

እሳቸውም ግንባሯን ስመዋት ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። እልልታው ሲሰማ እሷ ጓሮ ቆማ የማሽላውን አገዳ እየሰባበረች ነበር። ለቢሮው በሰው ልካ ፈቃድ ወስዳ እዚያው አቦቦ ቆየች፤ ጋምቤላ ተመልሳ ያን መስኮት የምታይበት አቅም አልነበራትም።

*

በሰው አገር ገና ማለት ምን እንደሆነ ዳኒሎን ጠይቁት። በእናቱ ቤት ዝግጅቱ የሚጀመረው ወራት ቀደም ብሎ ነው፤ መዝሙሩ፣ የኮከብ ፋኖሱ፣ ከቅዳሴ በኋላ ቤተሰቡ ሁሉ የሚሰበሰብበት ማዕድ። ጋምቤላ ታኅሣሥ ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሣሩ ተቃጥሎ ጥቁር ሆኗል፣ ባሮም ጎድሏል። አብሮት የሚሠራው ፈረንጅ ለበዓሉ አዲስ አበባ ሄዷል። ከአገሩ የመጣ ሰው በክልሉ ውስጥ አንድም የለም።

ቢሆንም ቀርከሃ ሰንጥቆ፣ ቀይና ቢጫ ላስቲክ ለጥፎ ኮከብ ፋኖስ ሠራና የድርጅቱ በር ላይ ሰቀለው። በነጋታው አንድ የመንግሥት ሰው መጥተው ኮከቡን ከሥር ከላይ አዩትና የየትኛው ድርጅት ዓርማ እንደሆነ ጠየቁ። በዚያ ሰሞን በየሳምንቱ አንድ አዲስ ፓርቲ ይመሠረት ስለነበር ጥያቄው አይፈረድበትም። ቀይ ኮከብ ደግሞ ያለፈውን መንግሥት ያስታውሳል። ዳኒሎ የኢየሱስ ነው ብሎ ቢያስረዳቸው፣ ኢየሱስ እንኳ ገና ነው፣ ሁለት ሳምንት ይቀረዋል አሉና አስወረዱት። ዳኒሎ ከዚህ ሁሉ የያዘው “ኢየሱስ” እና “ገና” የሚሉትን ብቻ ነው። ፋኖሱን ክፍሉ ውስጥ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። አልጋው ላይ ተቀምጦ ሲያየው አገሩ እንደ ረሃብ ያዘው።

የሚያጽናናው አንድ ነገር ነበር። የኑዌሮቹ ቤተ ክርስቲያን ገናን የሚያከብረው በፈረንጆቹ ቀን ነው። ዋዜማውን ሩዋይ ወሰደው፤ ዳኒሎም ከበሮው መሃል ቆመ፤ ነጭ የለበሱ ሴቶች መስቀል ያለበት ባንዲራ ይዘው እየዘለሉ ሲዘምሩ ቃሉ ባይገባውም ደስታው ገባው። ነገ መልሷን እሰማለሁ እያለ አለቀሰ። ቀን ላይ የቢሮው ዘበኛ ቤርሳቤ ፈቃድ ወስዳ ወላጆቿ ጋ መሄዷን ነግሮት ነበር። እዚያ ሆና ልትጠብቀኝ ነው የሄደችው ብሎ ልቡ ሊፈነዳ ደረሰ።

ጠዋት ለመነሣት ሲዘጋጁ ክርክር ተነሣ። ዳኒሎ ለአባትየው ማር፣ ለእናትየው ነጠላ ገዝቷል፣ በቅቤና በእንቁላል ያበጠ ኬክም አስጋግሯል። ሩዋይ ዕቃዎቹን አይቶ ሳቀ። ያለ ከብት ሴት የሚጠየቅበት አገር የት ነው አለ። ዳኒሎ ደገኞቹ እንደዚያ አያደርጉም ቢለውም አልሰማም፤ ከዘመዶቹ በረት አንዲት ነጭ ጊደር አምጥቶ ፒክአፑ ላይ አሰራት። የአቦቦን አቧራ ሰንጥቀው ሲሄዱ ጊደሯ ከኋላ ትጮኻለች፣ ሩዋይ ይዘምራል፣ ዳኒሎ ደግሞ የሚናገረውን አማርኛ በልቡ ያጠናል።

*

ቀኑ ረቡዕ ነው፤ ለአቶ ኃይለኢየሱስ ቤት ታኅሣሥ አሥራ ስድስት፣ የነቢያት ጾም። አባትየው ማንጎው ሥር ተቀምጠው የማረሻ ድግር ይጠርባሉ። እናትየው ወይዘሮ አባይነሽ ሰሊጥ ያበጥራሉ። ቤርሳቤ የመኪናውን ድምፅ ሰምታ ከቤት ብቅ ስትል፣ አዲስ ሸሚዝ የለበሰ ዳኒሎ ኬክ በሁለት እጁ ይዞ ሲወርድ አየች። እግሯ ከደጃፉ አልነቀል አላት። ሊሰናበተኝ ነው የመጣው ብላ አሰበች።

የመጡት እንግዶች ናቸውና ወላጆቿ ኑ ግቡ አሉ፤ ወንበር ወጣ፣ ጠላ ቀረበ። ሩዋይ ጉሮሮውን ጠራርጎ ተነሣ።

“አባት፣ እኛ ሽማግሌ ነን” አለ። “እኔ ሽማግሌ ለመሆን ትንሽ ይቀረኛል፣ ግን ዛሬ ሆኛለሁ። ይሄ ሰው ልጅህን ይፈልጋል። አንድ ጊደር ይዟል። በእኛ አገር አንድ አይበቃም፤ እሱ ግን ጉድጓድ እንጂ ከብት የለውም። ልጅቷ ራሷ ቀን ሰጠችው፣ መጣን።”

ወይዘሮ አባይነሽ ሰፌዱን አስቀመጡ። አቶ ኃይለኢየሱስ ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

“ልጄ፣ አንቺ ነሽ ና ያልሽው?”

ከሦስት ቀን በፊት “የለም” ያለች አፍ ናት። ቤርሳቤ ዙሪያው ጨለመባት። ምን ቀን ነው የሰጠሁት? ብዙ አሰበች፣ ምንም አላገኘችም። ውሸት ከመናገር እውነቱን መናገር መረጠች።

“አልጠራሁትም አባባ” አለች።

ይህችን አማርኛ ዳኒሎ ያለ ሩዋይ እርዳታ ተረዳት። ቀይ የነበረው ፊቱ አመድ መሰለ። ኬኩን ጉልበቱ ላይ እንደያዘ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀመ፣ “አንቺ ገና አልሽ” አላት። “ዛሬ ገና ነው።”

“ምኑ ነው ገና የሆነው?” አሉ ወይዘሮ አባይነሽ ግራ ተጋብተው።

“በዓሉን ማለቱ ነው መሰለኝ” አሉ አቶ ኃይለኢየሱስ። “የነሱ ገና ቀደም ይላል።”

ቤርሳቤ አፏን በእጇ ያዘች። አሁን ገባት። በሩ ላይ የቆመው ሰው፣ የበራው ፊት፣ ፉጨቱ፣ የመስኮቱ ፈገግታ፣ ሁሉም አንድ በአንድ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። አልተዋትም ነበር። እሷ እንደተተወች ስታለቅስ እሱ ቀን ይቆጥር ነበር። በሕይወቷ እንደዚያች ቅጽበት ተደስታ አታውቅም፣ እንደዚያች ቅጽበትም ልቧ ተሰብሮ አያውቅም፤ ሁለቱ አንድ ላይ መጡባት።

አባቷ ለእንግዶቹ በአክብሮት አስረዱ። ልጅቷ ባለፈው እሑድ ቃል ታስሮላታል አሉ። በማንም ላይ ንቀት እንዳልሆነ፣ ቀድሞ ቢሰማ ኖሮ ይመከርበት እንደነበር፣ አሁን ግን ነገሩ ከእጃቸው መውጣቱን ተናገሩ። ጊደሯን ይዛችሁ ተመለሱ፣ ማሩንም እንዲሁ፣ ፍቅራችሁን ግን ተቀብለናል አሉ። ወይዘሮ አባይነሽ ኬኩን ተቀብለው ጾም ስለሆነ ሳይቀምሱት በሰፌድ ከደኑት። ከዚያ አባትየው እንግዶቹን እንድትሸኝ ልጃቸውን ላኩ። ዳኒሎ ሲነሣ ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣቸው፤ ሀዘኑ ከቁመቱ በልጦ ነበር።

*

መኪናው መንገድ ዳር ቆሟል። ሩዋይ መሪው ላይ ሆኖ ፊቱን ወደ ማሽላው አዞረላቸው። ቤርሳቤ ከየት እንደምትጀምር ጠፋት፣ በመጨረሻ ቃሏን ይዛ ጀመረች። “ገና” አለችው፣ ላላ አድርጋ፤ ይህ አልነገርኩትም ማለት ነው አለች። ቀጥላ ጠበቅ አድርጋ አለችው፤ ይህ በዓሉ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ነበር ያልኩህ።

ዳኒሎ ድገሚልኝ አላት። ደገመችለት። ከንፈሯን እያየ አዳመጠ። እንደገና ድገሚው አላት። ለሦስተኛ ጊዜ አለችው። ራሱን ነቀነቀ።

“አንድ ነው” አለ።

“አንድ አይደለም።”

“ለኔ አንድ ነው።”

“ለኔም አንድ ነው” አለ ሩዋይ ሳይዞር፣ በዝግታ።

ዳኒሎ ሊስቅ ሞክሮ ዓይኑ እንባ ሞላ። ከዚያ አቋሙን አስተካክሎ እንደ መጀመሪያው ቀን ቆመ። “እሺ፣ ዛሬ ጠየቅሁ። መልሱስ?”

“መልሱ እሺ ነበር” አለችው።

“ነበር”ን ያውቃታል። በሰፈራው መንደር ጉድጓድ ሲቆፍር ከሽማግሌዎቹ አፍ አብዝቶ የሰማት ቃል ናት፤ አገር ነበረን፣ በሬ ነበረን ሲሉ። ፊቱን ወደ መኪናው መለሰና ብረቱን ያዘ። አብረሽኝ ነይ አላት። አሁኑኑ፣ እንዳለሽ። ከጋምቤላ በነገው አውሮፕላን እንሄዳለን፣ ለአባትሽ ከሩቅ ይቅርታ እንጠይቃቸዋለን፣ እኔ ለእናቴ ስምሽን ነግሬያታለሁ አላት። እሷም ስለ ትንሽ ወንድሟ መቃብርና ስለ ቆፈረው ሰው ነገረችው። በሌላ ሰው ቢሆን እሸሽ ነበር አለችው፤ በዚያ ሰው ልጅ ላይ ግን የአባቴን ፊት ማጥቆር አልችልም።

“እኔም መቆፈር ነው ሥራዬ” አለ ዳኒሎ። “ያኔ እዚህ ብሆን ኖሮ እኔ እቆፍርለት ነበር።”

እንዲህ ያለ ነገር የሚናገር ሰው አጥታ እንዴት እንደምትኖር ቤርሳቤ አላወቀችም። እጇን ያዘው፤ አልነጠቀችውም። መንገደኛ እያየ እንኳ አልነጠቀችውም። በመጨረሻ ራሱ ለቀቃትና ገባ። መኪናው ሲነሣ ጊደሯ ጮኸች። ቤርሳቤ አቧራው እስኪረግፍ ድረስ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። የሚወዳት ሰው መኖሩን ያወቀችው እሱ ሲሄድ በመሆኑ ማንን እንደምትረግም እንኳ አላገኘችም።

*

ስትመለስ አባቷ ማንጎው ሥር ብቻቸውን ናቸው። ድግሩን ትተውታል። አጠገባቸው ተቀመጪ አሏት። እኛ እዚህ የመጣን ዓመት ገና እንዴት እንደነበር ታስታውሻለሽ አሏት። ከወንድሟ ሞት በቀር ከዚያ ዓመት ብዙም አታስታውስም። ቤተ ክርስቲያን አልነበረም፣ ቄስ አልነበረም፣ ቀኑን እንኳ የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ ሰፋሪው ሁለት ቦታ ተከፍሎ ተከራክሯል አሏት። በመጨረሻ አንዲት የአኙዋክ ሴት፣ አንድም የአማርኛ ቃል ሳታውቅ፣ ሲያለቅሱ አይታ የተጠበሰ ዓሣ በቅጠል ጠቅልላ አመጣችላቸው። ጾሙን የፈቱት በዚያ ነው።

“በሰው አገር በዓል እንዴት እንደሚያንቅ እኔ አውቃለሁ” አሉ። “ያ ሰው ኬኩን ይዞ ሲወርድ ሳየው አንጀቴን በላው። ልጄ፣ ባለፈው ሳምንት መጥቶ ቢሆን ኖሮ እሰጠው ነበር።”

ቤርሳቤ ቀና አለች። “ከዓይኔ የሚርቅ ልጅ የለም ትል ነበር።”

“ፈርቼ የምለው ነው። አባት ስንት ነገር ይላል። አንቺ አንድ ቀን መጥተሽ ብትነግሪኝ አንድ ሌሊት አኮርፌ በማግስቱ እመርቅሽ ነበር።”

ያን ሁሉ ሳምንት በየመንገዱ ተሸክማው የተመለሰችው ፍርሃት ምንም አልነበረም ማለት ነው። በሩ ክፍት ነበር። አባቷ ፊቷን ትኩር ብለው አዩትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“እውነቱን ንገሪኝ። እሑድ ዕለት የለም ያልሽኝ እውነት ነው? ትወጂው ከሆነ ነገ ጠዋት ድንጋይ ተሸክሜ ወንድሜ ደጃፍ ላይ እቆማለሁ። ቃሌን መልስልኝ እለዋለሁ። ልጄን የቀበረልኝ ሰው ነው፣ ዳግመኛ ቀና ብዬ አላየውም፤ ግን አደርገዋለሁ። አንቺ አዎ በይኝ ብቻ።”

እንደሚያደርጉት ታውቃለች። ለዚህም ነው ያልቻለችው። በዓይነ ልቡናዋ አየቻቸው፤ ድንጋዩን አንገታቸው ላይ፣ ሰፋሪው ሁሉ በየአጥሩ ቆሞ ሲያይ፣ አብረዋቸው አገር ያጡትና ልጅ የቀበሩላቸው ሰው በር ላይ ሲንበረከኩ። ከዚያ በኋላ በዚያ መንደር የሚያስቀብራቸው አይኖርም። ከንፈሯ “አዎ” ለማለት ተከፈተ፤ ቃሏ ጉሮሮዋ ድረስ መጣች። ጋምቤላ ድረስ ያለው መንገድ፣ የነገው አውሮፕላን፣ ስሟን የምታውቅ የሩቅ አገር እናት፣ ሁሉም በዚያች በአንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥለዋል።

“አይ አባባ” አለች። “የቢሮ ሰው ነው። አዝኜለት ነው።”

አቶ ኃይለኢየሱስ ትልቅ ትንፋሽ ለቀቁ፤ ከላያቸው ሸክም የወረደ ይመስሉ ነበር። “ተመስገን” አሉ። ልጃቸው ዋሽታቸው ስለማታውቅ ዳግመኛ አልጠየቋትም። እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉና ስለ ሠርጉ ድንኳን ያወሯት ጀመር፤ እሷም አዎ፣ አዎ እያለች አዳመጠቻቸው።